የተቆረጠችው ሽቦ

ሰኔ 2006 ዓ.ም. ሐሙስ ጠዋት የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ፉፋ ካራ በተከራያት ክፍል ውስጥ፣ እጁ ይሠራው በነበረው ማሽን ቆርቆሮ ላይ እንዳለ ሞቶ ተገኘ። ከአሮጌ ኮምፒውተሮች ፓወር ሰፕላይ የሚባሉ ሁለት ኃይል መስጫ ሳጥኖች አውጥቶ፣ ለመዘምራን አምፕሊፋየር ሃያ አራት ቮልት እንዲሰጡ ያያይዛቸው ነበር። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል፤ ፖሊስ በዋዜማው ከሟቹ ጋር ተጨቃጭቆ ነበር ብሎ የሥራ ባልደረባውን ኤቢሳን አሰረ።

ኢንስፔክተር ደብሪቱ ግን የማሽኑን ገመድ አገላብጣ አየች። ልባሱ ተሰንጥቆ፣ ከሦስቱ ሽቦዎች ቢጫና አረንጓዴዋ ብቻ ተቆርጣ፣ በነጭ የቁስል ፕላስተር ተጠቅልላለች። ይህች የመሬት ሽቦ ናት፤ ኤሌክትሪክ ወደ ቆርቆሮው ሲያመልጥ ብሬከሩን ጥላ መብራቱን በማጥፋት ሰው የምታድን።

«ብሬከሩ ይወድቅ ነበር?» አለቻት የሟቹን ሚስት አያንቱን።

«ይህን ማሽን ሲሰካ በቀን ሦስቴ! አራት ቤት በአንድ ቆጣሪ ነው የምንጠቀመው። የግቢው ባለቤት የአቶ ዲንሳ መተንፈሻ የኦክስጅን ማሽን እንኳ ይቆማል። ከማክሰኞ ወዲህ ግን አልወደቀም። ሰኞ ዕቃ ቀይሮ ስለነበር ፉፋ የተስተካከለ መሰለው።» ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ፤ ኤቢሳ በካቴና፣ አያንቱ፣ አከራይዋ ወይዘሮ አባይነሽ። ባላቸው አቶ ዲንሳ አልጋቸው ላይ ሆነው በተከፈተው በር ይሰማሉ።

«ኤቢሳ አይደለም» አለች ደብሪቱ። «ጠረጴዛው ላይ አራት ጥቅል የሽቦ ናስትሮ እያለ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ በቁስል ፕላስተር አይጠቀልልም። የቆረጠው ሰው መግደል አልፈለገም፤ ብሬከሩ እንዳይወድቅ ነው የፈለገው። መብራት ሲጠፋ ነፍስ የሚያሰጋው የትኛው ቤት ነው? የቁስል ፕላስተሩስ ያለው የት ነው?»

ሁሉም ወደ በሩ ዞሩ። የአቶ ዲንሳ የአፍንጫ ቱቦ ጉንጫቸው ላይ የተጣበቀው በዚያው ነጭ ፕላስተር ነው።

ወይዘሮ አባይነሽ መሬት ላይ ወደቁ። «ፉፋ ራሱ ነው ያሳየኝ! ‹እትዬ፣ መብራቱን የምታጠፋው ይቺ ናት፤ የምትጠብቀንም እሷው ናት› አለኝ። እኔ የፊተኛውን ብቻ ያዝኩ። ዲንሳ እጄ ላይ ትንፋሹ ሲቆራረጥ ፉፋን ስንቴ ‹ተው› ብዬ ለመንኩት! ሰኞ ማታ ጸሎት ሲሄድ ክፍሉ ገብቼ በመቀስ ቆረጥኳት። ልጄን ገደልኩት!»

ደብሪቱ የኤቢሳን ካቴና ፈታች። ያን ቀን ሥራዋን ጠላችው። «ይነሡ እትዬ፣ ከእኔ ጋር መሄድዎ ግድ ነው።»

«ዲንሳን ማን ይጠብቅልኛል?»

ከውስጥ የኦክስጅን ማሽኑ ድምፅ ድንገት ቆመ፤ አቶ ዲንሳ በገዛ እጃቸው አጥፍተውት ነበር።

«በእኔ ምክንያት ነው የሞተው» አሉ ትንፋሽ እያጠራቸው። «ተዉኝ።»

ቀድማ የሮጠችው አያንቱ ናት። ማሽኑን መልሳ አበራችው።

«አንድ ሬሳ ይበቃኛል፣ አባቴ» አለች፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣም አለቀሰች።