ከሚስቴ ጎን የሄደው ሰው

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አልነበርኩም፣ ጋኔን አየሁ፣ መልአክ አናገረኝ የሚለኝን ሁሉ «ጠላው ከብዶህ ነው» እያልኩ የማሳፍር ነበርኩ፣ ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ኋላ «ሽማግሌው ጃጅቷል» እንዳትሉኝ ነው። ገዳም ለመሳለም ረጅም መንገድ በእግር ሊሄዱ የተነሡ ሽማግሎችና ባልቴቶች ዛሬም ቤቴ ድረስ መጥተው ምክር ይጠይቁኛል፣ እኔም ሳልሰስት እነግራቸዋለሁ። ምክሩ ግን የኔ አይደለም፣ የማን እንደሆነም በውል አላውቅም።

ነገሩ በስልሳዎቹ መግቢያ ላይ፣ ንጉሡ ገና ዙፋናቸው ላይ ሳሉ ነው። ሚስቴ የሺ በጠና ታማ ስትነሣ «ደብረ ሊባኖስን በእግሬ እሳለማለሁ» ብላ ተስላ ነበርና፣ ጥር ላይ በሶና ዳቦ ቆሎ ቋጥረን ከቡሬ ተነሣን፣ አውቶቡሱ አቧራ እያለበሰን ያልፋል፣ ስለት ነውና አንሳፈርም። እሷ ጉልበቷን ያማታል፣ እኔ ደግሞ እግረ ፈጣን ነኝ፣ ወንድ ልጅ ፊት ፊት ነው የሚሄድ ብዬ አርባ ዓመት ሙሉ ጀርባዬን ሳሳያት የኖርኩ ሰው ነኝ።

ከቡሬ ብዙም ሳንርቅ ከኋላዬ ስታወራ ሰማኋት፣ ጸሎት መስሎኝ መንገዴን ቀጠልኩ። ቀጥሎ ምርኩዟ መሬት ሲመታ ድምፁ ሁለት ሁለት ሆነብኝ፣ የሷ ዱላ ቋ ሲል ሌላ ቋ ይከተለዋል። ከዚያ ሳቀች። የሺ በሳቅ የምትታማ ሴት አይደለችም፣ ዘወር ብዬ ባይ ብቻዋን ናት።

«ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» አልኳት።

«ከኒህ አባት ጋር ነዋ። ሰላምታ እንኳ ነፈጓቸው እኮ አያ፣ ነውር ነው።»

አየሁ፣ ባሕር ዛፍ አለ፣ አቧራ አለ፣ ሰው የለም። ፀሐይ መቷት ነው ብዬ ውሃ ላጠጣት ስል አህዮቹን ወደ ቡሬ ገበያ የሚነዳ ገበሬ አጠገባችን ደረሰና ቆብ አውልቆ «ሦስታችሁንም በሰላም ያግባችሁ» ብሎን አለፈ። እመኑኝ፣ ፀጉሬ ቆመ።

ከዚያ ወዲያ የሺ አካሄዷ ተለወጠ። ምርኩዟን ከግራ እጇ ወደ ቀኝ አዛወረችና «ከሚያምሽ ጉልበት በተቃራኒው እጅ ያዢው አሉኝ» አለች። ቁልቁለት ስንደርስ በቀጥታ መውረድ ትታ አግድም አግድም እየቆረጠች ወረደች፣ ጉልበት የሚሰብረው ዳገት ሳይሆን ቁልቁለት ነው ብለዋታል። ላብ ሳይደርቅ እግርን ወንዝ ውስጥ መንከር ክፉ ነው፣ በሶም ጥቂት ጥቂት እየተባለ እንጂ ባንዴ አይጠጣም፣ ሰው ደግሞ ሳይደክመው ይረፍ፣ ደክሞት ከተቀመጠ አይነሣም፣ ይህን ሁሉ እየሰማች ለኔ ትነግረኛለች። ማንከሷ እየቀነሰ ሄደ። ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ ልዋሻችሁ አልፈልግም፣ ቅናት አንጀቴን አቃጠለው።

«የትኛው ጉልበትሽ ነው ለመሆኑ?» አልኳት።

«ግራው። እሳቸው ሳልነግራቸው አወቁት» አለችኝ። አርባ ዓመት አብሬያት ስኖር ጠይቄያት አላውቅም ነበር፣ እሳቸው የምትላቸው ግን ባንድ ጠዋት አወቁት፣ እኔስ ምኗ ሆንኩ?

ማንኩሳ ስንደርስ ጀንበር ልትጠልቅ ነበርና አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት «የእግዜር እንግዳ» ብላ ተቀበለችን። በኛ አገር እንግዳ ሲገባ እግሩ ይታጠባል፣ መጀመሪያ የሚታጠበውም በዕድሜ የበለጠው ነው። ሴትዮዋ ሦስት በርጩማ ደረደረች፣ የሺ ዳር ላይ ተቀመጠች፣ እኔም ታላቅ ነኝ፣ ባሏም ነኝ ብዬ መካከለኛው ላይ ከሷ አጠገብ ዘፍ አልኩ።

«በስመ አብ፣ ምነው አባቴ፣ ሰው ላይ ይቀመጣሉ እንዴ?» አለች ባለቤቲቱ።

ብድግ አልኩ። በርጩማው ሞቆ ነበር፣ ሰው ሲቀመጥበት እንደዋለ ሞቆ ነበር፣ የሺ በእፍረት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሴትዮዋ ገበቴውን ይዛ እኔን አልፋኝ ባዶው በርጩማ ፊት ተንበረከከች፣ እጇ አየር ላይ ከተረከዝ ወደ ቁርጭምጭሚት ይወጣል ይወርዳል፣ ውሃው ምንም በሌለበት ላይ ታጥፎ ይንጠባጠባል። አጎንብሳ የታጠበውን ሳመች። ወደ ገበቴው ባይ ውሃው የመንገድ አቧራ ለብሶ ደፍርሷል፣ ከዚያ በኋላ ነው ወደኔ እግር የመጣችው።

ደጅ ስትወጣ ተከተልኳትና «እኒያ ሰውዬ መልካቸው እንዴት ያለ ነው?» አልኳት። ዓይኔን የሚያመኝ መስሏት አዘነችልኝ።

«አንቱን ቁርጥ ናቸው» አለችኝ፣ «ወንድማማች መስላችሁኝ። ብቻ እሳቸው ፊታቸው ፈታ ያለ ነው።»

በማግስቱ ፍኖተ ሰላም ልንገባ ስንል ትዕግሥቴ አለቀ። የማጣት መሰለኝ፣ እውነቱ ይኸው ነው፣ መንገድ መሐል ቆሜ «የሺ፣ ምረጪ፣ ወይ እኔ ወይ እሳቸው» አልኳት። እሷ ወደ ጎን ዘወር ብላ ስታዳምጥ ቆየች፣ ራሷን ነቀነቀች።

«ምን አሉሽ?»

«‹ከፈለጉ አብረውን ይምጡ፣ መንገዱ ይበቃናል፣ ግን ባንቺ እርምጃ ይሂዱ› አሉ።»

ከገዛ ሚስቴ ጋር እንድሄድ ሌላ ሰው ፈቀደልኝ ማለት ነው። ምን አደርጋለሁ፣ ሄድኩ፣ ባልሄድ ጥላኝ ትሄድ ነበር። ገዳሙን ተሳለምን፣ ስለቷ ደረሰ፣ በደኅና ተመለስን። እሷን ስለ ሰውዬው ስጠይቃት «ምነው አያ፣ ጸብዎ አልበረደም?» ብላ ታልፈኛለች።

አሁን የኔም ጉልበት እንቢ ብሏል። ቅዳሜ ገበያ ስንወርድ በቀኟ ሆኜ እጇን ይዤ፣ በሷ እርምጃ፣ አግድም አግድም እየቆረጥኩ እሄዳለሁ፣ ፊቴንም ፈታ ለማድረግ እሞክራለሁ። እሷም መንገዱን ሙሉ ታወራለች፣ ትስቃለች። ስታወራ ግን ፊቷን የምታዞረው ወደ ግራ ነው።