በቀትር የወጡ ጃርቶች

በሰንደራ መንግሥት ዝናብ በጠፋ በሰባተኛው ወር ጃርቶች በቀትር ፀሐይ ወጡ። ከመዳፍ የማይበልጡት፣ ከጥንት ጀምሮ ጨለማን ብቻ የሚያውቁት እሾኻም ፍጥረታት እየተንገዳገዱ መጥተው በንጉሡ ጎዳና መካከል በጎናቸው ተኙ። የቤተ መንግሥቱ ጠቢባን ከሰገነት ሆነው አዩና «ምድር ጦሯን ለንጉሣችን አስረከበች! ይህ የድል ምልክት ነው!» ብለው አወጁ። ሕዝቡም እልል አለ።

በአሮጌው ወፍጮ ቤት ያሉት ሴቶች ግን እልል አላሉም።

«ጃርት በቀን ከወጣ ታሟል» አሉ እመይቴ ዋሪት። «ሌላ ምልክት የለውም። ቅርጫት አምጡ።»

ወፍጮ ቤቱን ያቋቋሙት እሳቸው ናቸው። ማንም ሳያዛቸው፣ ማንም ሳይከፍላቸው፣ የታመሙና እናት የሞተችባቸውን ጃርቶች እየሰበሰቡ ያድኑ ነበር። ድንጋይ አሙቀው፣ በሱፍ ጠቅልለው፣ ግልገሎቹን በላዩ ያስተኛሉ። በቀጭን ሸምበቆ ጠብታ በጠብታ ያበላሉ። ወደዚያ የገባ ሁሉ ሦስት ሕግ ይማራል፤ ወተት አትስጥ፣ ይገድለዋል። ሳይሞቅ አታብላ፣ ይገድለዋል። እጅህን አታስለምደው፣ ይህም ይገድለዋል፣ ቆይቶ ብቻ።

ከሴቶቹ አንዷ ደምሪት ሁለቱን ሕጎች ጠብቃለች። ሦስተኛውን ያፈረሰችው ከፍቅር አልነበረም፤ የቀዘቀዘውን ድንጋይ እያነሱ እንደገና ማሞቅ ሰልችቷት ነው። ባለፈው ክረምት ዓይኑን ሳይገልጥ የመጣውን ግልገል በአንገት ልብሷ ውስጥ ከትታ ሥራዋን ትሠራ ነበር። ገላዋ ከድንጋይ ይሻላል፤ አይቀዘቅዝም። ግልገሉ አደገ። ሾላ አለችው። እሷ ፊት ግን እንደ ሌሎቹ ጃርቶች ፈርቶ እንደ እሾኽ ኳስ አንድም ቀን ተጠቅልሎ አያውቅም። ይህንን ለማንም አልተናገረችም።

በሦስተኛው ቀን በወፍጮ ቤቱ የተኙት አርባ ደረሱ፤ ሁሉም ግልገሎች። እመይቴ ዋሪት ሴቶቹን ሰበሰቡ።

«የሚያድናቸው የሙሳን ምንጭ ውኃ ብቻ ነው። ምንጩን ደግሞ ነድር ተጠምጥሞበታል። ያ እባብ የሞቀ ደም ያለውን ሁሉ ይውጣል። የተጠቀለለ ጃርት ግን ጉሮሮው ላይ ይሰካበታል፤ መዋጥም መትፋትም አይችልም። ጤነኛ ሆኖ የቀረን ሾላ ብቻ ነው። ደምሪት፣ ይጠቀለላል?»

ሁሉም አዩዋት። አርባዎቹ በየቅርጫታቸው ያጣጥራሉ።

«ይጠቀለላል» አለች።

አብሯት ለመሄድ ከንባር ተነሣ። ከንባር የንጉሡ ዘብ ነበር፤ ጃርቶቹ በወጡ ቀን ሦስቱን በራስ ቁሩ ይዞ ወደ ወፍጮ ቤቱ በመምጣቱ ተባረረ። ጦሩን መሬት ላይ ተክሎ ማለ፤ «ውኃውን ሳልይዝ ብመለስ የጠባሁት ጡት ይፍረድብኝ!» ቀጥሎም «ለነገሩ እናቴ ራሷ ቀድማ ትገድለኛለች» ሲል ሴቶቹ ሳቁ።

ሁለት ቀን ተጓዙ። ድንጋዮቹ የመንገደኛን ስም እየጠሩ የሚያለቅሱበትን የኮርዛን ሸለቆ ጆሯቸውን በሰም ደፍነው አለፉ። ከሸለቆው ማዶ ሲያርፉ ከንባር ሾላ ወደ ተኛበት ወደ ደምሪት የአንገት ልብስ አጎንብሶ አየ።

«አንቺ የጃርት ሞግዚት! ጌታው ሆዱን ገልብጦ ነው እንዴ የሚተኛው? ተዋጊያችን ይሄ ነው?»

«ሲፈራ ይጠቀለላል።»

«እኔም ስፈራ እጠቀለላለሁ። ማንም ግን ተሸክሞ አይዞረኝም።»

ደምሪት ሳቀች። እውነቱን መናገር የምትችልበት የመጨረሻው ጊዜ ያ ነበር። በሳቅ አለፈ።

በጎርማ ተራራ ሥር ነድር ከምንጩ ዙሪያ እንደ ተናደ ግንብ ተከምሮ ነበር። ቅርፊቱ የዛገ ጋሻ ይመስላል፤ ሲተነፍስ ሣሩ ይጠወልጋል። ደምሪት ሾላን ድንጋይ ላይ አስቀመጠችውና ወደ ኋላ አፈገፈገች። እባቡ አንገቱን አነሣ። ሾላ አሸተተ፤ ዞረ፤ በትንንሽ እግሮቹ እየሮጠ ወደ እግሯ ተመለሰ።

ምን ማድረግ እንዳለባት ገባት። መጮህ፣ መርገጥ፣ መምታት። እሷን ራሷን ፈርቶ እንዲጠቀለል ማድረግ። እጇ ግን አልነሣ አለ።

«ምን ሆነ?» አለ ከንባር። «ደምሪት! ለምን አይጠቀለልም?»

መልሷን አልጠበቀም። እባቡ ወደ እሷ ሲወረወር ጋሻውን ይዞ መሃል ገባ። የእባቡ ጥርስ ጋሻውን በስቶ የከንባር ትከሻ ውስጥ ተቀበረ።

ያን ጊዜ ሾላን መታችው። ጮኸችበት፣ በእግሯ ገፋችው፣ በጦሩ ዘንግ ደገመችው። ሾላ ለመጀመሪያ ጊዜ ኳስ ሆነ። እባቡ ከንባርን ለቆ ወደ እሷ አፉን ሲከፍት አንሥታ ጉሮሮው ውስጥ ወረወረችው። ነድር ጉሮሮው ተዘግቶ ተራራውን እየገረፈ ሞተ።

ሾላ ከመንጋጋው ውስጥ በሕይወት ተንከባለለ። እጇን ስትዘረጋለት ፉ ብሎ እሾኹን አቆመባት።

የከንባር ፊት በመርዙ ጠቁሯል። «ይጠቀለላል ብለሽኝ ነበር» አለ፤ መንገድ እንደጠፋው ሰው ግራ ተጋብቶ እንጂ በቁጣ አልነበረም። ከዚያ «ውኃውን ቅጂ» አላት። ቀድታ ስትመለስ ሞቶ ነበር።

ከአርባዎቹ ሠላሳ ስምንቱ ዳኑ። ቤተ መንግሥቱ ያባረረውን ዘብ ጀግናዬ አለው። ዘፋኞችም ደምሪትና ከንባር ጎን ለጎን ቆመው ነድርን ሲወጉ የሚያሳይ ረጅም መዝሙር ደረሱ።

ደምሪት ወደ ከንባር እናት ወደ እማማ ዝማም ቤት ሄደች። ምስር እየለቀሙ አገኘቻቸው፤ ሳትቀመጥ ጀመረች።

«እማማ፣ መዝሙሩ ውሸት ነው። ድንጋይ ማሞቅ ሰልችቶኝ ጃርቱን ያላመድኩት እኔ ነኝ። እንደማይጠቀለል እያወቅሁ ይጠቀለላል አልኩ። መምታት ሲገባኝ ፈዝዤ ቆምኩ። ልጅዎ የሞተው በዚያ መሃል ነው።»

አሮጊቷ ምስሩን ወደ ጎን አደረጉ።

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም። ለእርስዎ ብቻ።»

«እንግዲያው ለማንም አትነግሪም።»

«እማማ፣ እኔኮ...»

«አንቺማ እንዲቀልልሽ መጣሽ። ሰው ሁሉ ይስደበኝና ይውጣልኝ ብለሽ። የእኔ ልጅ በአንዲት ሴት ስንፍና ሞተ ተብሎ አይወራም። እሱ ጀግና ሆኖ ይቀመጥ። አንቺም ጀግና ሆነሽ ተቀመጪ።»

እነሆ ሰንደራ ነድር የሞተበትን ቀን በየዓመቱ በበዓል ስታከብር ደምሪት ከእማማ ዝማም ጎን በክብር ወንበር ትቀመጣለች። ዘፋኙ ስሟን ሲጠራ አደባባዩ በእልልታ ይናወጣል። አሮጊቷ ዞር ብለው ያዩዋታል። ደምሪትም ብድግ ብላ ምስጋናውን ትቀበላለች።