በድንጋዩ ላይ ሃያ ሦስት ስም

የመንደሩ መምህር ዱጋልድ ፔትሪ በቤተ ክርስቲያኑ የካህን መልበሻ ክፍል ወለል ላይ በጀርባው ተንጋሎ ነበር። ከጆሮው በላይ ያለው ቁስል ከብረት ምድጃው ማዕዘን ጋር ልክ ለልክ ይገጥማል። ዓይኖቹ ተከድነዋል፤ ሁለት እጆቹም ደረቱ ላይ ተቀምጠዋል።

«የወደቀ ሰው እንዲህ ተስተካክሎ አይተኛም» አለ የአውራጃው ዐቃቤ ሕግ ሄክተር ጋልብሬዝ፣ ከአስከሬኑ አጠገብ እንደተንበረከከ። በአካባቢው ድንገተኛ ሞት ሲኖር የሚጠራው እሱ ነው። ቀጭን፣ ቶሎ የሚቆጣ፣ ቤቱ የሚጠብቀው ሰው የሌለው የአምሳ ዓመት ሰው ነው።

ፖሊስ ማኪ ከኋላው ቆሞ ባርኔጣውን በእጁ ያሽከረክራል። «ጌታዬ፣ ነገሩ እኮ ያለቀ ነው። ኢዞቤል ጌዲስ ናት። ረቡዕ ዕለት መንገድ ላይ ‹እጅህ ይድረቅ› ብላ ረግማዋለች። ትናንት በአሥር ሰዓት ደግሞ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ስትወጣ ታይታለች። ዛሬውኑ ወደ ከተማ እወስዳታለሁ።»

«አስከሬኑን ሳላይ ያለቀ ነገር አልወድም፤ አፍህን ዝጋና መብራቱን አቅርብልኝ።»

ክፍሉ እንደ በረዶ ቤት ቀዝቅዟል። የኖቬምበር ንፋስ በተከፈተው መስኮት እየገባ መጋረጃውን ያርገበግበዋል። በግድግዳው መስታወት ላይ የእጅ ፎጣ ተንጠልጥሏል። ጥግ ላይ የቆመው ረጅም ሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ላይ ቆሟል። የሰዓቱ ሳጥን ተቆልፎ ስለነበር ጋልብሬዝ በሳጥኑ መስታወት በኩል አጎንብሶ አየ። ሰዓቱን የሚያስኬዱት ሁለት የእርሳስ ክብደቶች በገመዳቸው መሐል ላይ ተንጠልጥለዋል።

«ይህን ማን ይሞላዋል?»

«የቤተ ክርስቲያኑ ጠባቂ ኤቤን ክሪችተን፤ በየእሑዱ። አንዴ ከተሞላ ስምንት ቀን ይሄዳል። አስከሬኑን ያገኘውም እሱ ነው፤ ትናንት ሐሙስ በአሥራ አንድ ሰዓት።»

ጠረጴዛው ላይ ጥቁር ሽፋን ያለው ደብተር ነበር። መምህሩ በጦርነቱ ለሞቱትና ከነገ ወዲያ እሑድ የመታሰቢያ ድንጋይ ለሚመረቅላቸው የመንደሩ ወታደሮች ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ገጽ ሰጥቷል። ሁሉንም ፊደል አስቆጥሯቸዋል።

«ቆጥሬዋለሁ» አለ ማኪ። «ሃያ ሦስት ገጽ፣ ድንጋዩ ላይም ሃያ ሦስት ስም። የጎደለ የለም።»

ጋልብሬዝ ገለጠ። «ኬነት ባይን፦ ዝይ ይፈራ ነበር። ሶም ወንዝ ዳር ሞተ።» ሌላ ገለጠ። «ማልኮም ሪች፦ ማፏጨት አልቻለም፤ መሞከሩን ግን አልተወም።» ሌላ። «አሌክሳንደር ጌዲስ፦ የሰባት ማባዣ ያስለቅሰው ነበር።» በሌላ ከተማ ድንጋይ ላይ የጋልብሬዝ ወንድም ስም አለ። እዚያ ግን ስለ ፉጨትም ስለ ዝይም የጻፈ የለም፤ የሚያስታውስ ሰው የቀረው እሱ ብቻ ነው። ደብተሩን ዘግቶ ኪሱ ከተተው።

መጀመሪያ ያነጋገረው ቄስ ላይልን ነበር። ከኤዲንብራ ከመጣ ዓመት ያልሞላው ወጣት ነው።

«መስኮቱን እርስዎ ነዎት የከፈቱት?»

«እኔ? በዚህ ብርድ! ማኪ ሲጠራኝ መጥቼ ሁሉንም እንዲሁ ነው ያገኘሁት። መስታወቴ ላይ ፎጣ ማን እንደሰቀለም አላውቅም። ሰዓቱ ደግሞ ተበላሽቷል፤ ሠሪ አስጠራለሁ።»

«የሳጥኑ ቁልፍ ስንት ነው?»

«ሁለት። አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ ኤቤን ጋ።»

«ትናንት በዘጠኝ ሰዓት?»

«ትምህርት ቤት፤ አርባ ሕፃናት መዝሙር ሲያበላሹ እየሰማሁ።»

ቀጥሎ የመታሰቢያው ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ የአካባቢው ባለርስት ሜጀር ሲንክሌር መጣ። ትናንት ቀኑን ሙሉ አበርዲን እንደነበረ የባቡር ቲኬቱን አሳይቶ ሳይጠየቅ ወደ ሌላ ነገር ገባ።

«ሴትዮዋ ልጄ ይጻፍልኝ ብላ ነው ያበደችው። ሕግ ሕግ ነው ጋልብሬዝ! ጦርነቱ ካበቃ በኋላ የሞተ አይጻፍም። አንዱን ካስገባን የት እንቆማለን?»

«ልጁ የሞተው በጦር ሜዳ የመርዝ ጋዝ አይደለም?»

«ነው፤ ግን ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በአልጋው ላይ።»

«እንግዲህ ጥፋቱ ቶሎ አለመሞቱ ነው!» ጋልብሬዝ ጠረጴዛውን በጡጫ መታ። «ሞትን በቀን መቁጠሪያ የሚለካ ኮሚቴ! እናንተ እሳት ዳር ተቀምጣችሁ ቀን ስትቆጥሩ እሱ ትንፋሽ ይቆጥር ነበር። ይውጡልኝ፣ ሜጀር።»

ኢዞቤል ጌዲስ ስትገባ የባሕር ሽታ አብሯት ገባ። እጆቿ በመንጠቆ የተጫሩ ናቸው። ሳትጋበዝ ተቀመጠች።

«ረግመውታል?»

«አዎ ረግሜዋለሁ። ልጄን ሳንዲን ከዝርዝሩ ያወጣው እሱ ነው ብለውኛላ። ትናንት ይቅርታ ልጠይቀው መጣሁ፤ በሩ ተቆልፏል፤ አንኳኳሁ፤ ዝም አለ። ተቀይሞ መስሎኝ ተመለስኩ።»

«ከዚያ በፊት የት ነበሩ?»

«ዓሣ አጥማጆቹ ዳስ ውስጥ። እስከ ዘጠኝ ተኩል ከአሥራ ሁለት ሴቶች ጋር ዓሣ ማጥመጃ መንጠቆ ላይ የዛጎል ሥጋ ስንሰካ ነበር። ከፈለግክ ጠይቃቸው፤ ሲሳደቡ ግን አትደንግጥ።» ቀና ብላ አየችው። «ደግሞ ብገድለው የሳንዲን ስም ማን ይጽፍልኛል? እኔ እኮ ፊደል አላውቅም። እኔ ስሞት ሳንዲ የሚባል ልጅ ነበር የሚል አንድም ነገር አይኖርም፤ ተስፋዬ ድንጋዩ ብቻ ነበር።»

መጨረሻ የቀረበው ኤቤን ክሪችተን ነው። ሰባ ዓመት አልፎታል፤ ወገቡ ላይ የቁልፍ ዘለላ አለ። ሚስቱ ጂን አንድያ ልጃቸው ኒል ፈረንሳይ አገር መሞቱ በተነገራት በስድስተኛው ወር ሞታለች። የኒል ስም ድንጋዩ ላይ ሰባተኛ ነው።

«በአሥራ አንድ ሰዓት ምድጃ ልለኩስ ገባሁ፤ ሞቶ አገኘሁት፤ ወደ ማኪ ሮጥኩ። በቃ።»

«የነኩት ነገር አለ?»

«ምንም፣ ጌታዬ። ከበሩ ነው የተመለስኩት።»

«ትዋደዱ ነበር?»

«አርባ ዓመት ዳማ ተጫውተናል። ሁልጊዜ ያሸንፈኛል፤ ካሸነፈኝ በኋላ ደግሞ ይቅርታ ይጠይቀኛል። የሚያናድደኝ ይቅርታው ነበር።» ፈገግ ሊል ሞክሮ ተወው።

ጋልብሬዝ ብቻውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ገባ። ድንጋዩን የሸፈነውን ባንዲራ ገለጥ አድርጎ፣ ደብተሩን በሌላ እጁ ይዞ፣ ስሞቹን አንድ በአንድ አመሳከረ። ሲጨርስ ወደ ዓሣ አጥማጆቹ ዳስ ሄዶ ተመለሰ። ከዚያ ማኪን ጠርቶ ሁሉንም ሰብስብልኝ አለው።

ቄሱ፣ ሜጀሩ፣ ኢዞቤልና ኤቤን ድንጋዩ ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ እያንዳንዳቸው በየአግዳሚው ለየብቻ።

«ከሰዓቱ ልጀምር» አለ ጋልብሬዝ። «ቄስ ላይል ተበላሽቷል ብለዋል። አልተበላሸም። ክብደቶቹ ገና መሐል ላይ ናቸው፤ የሦስትና የአራት ቀን ጉዞ ቀርቷቸዋል። ሰው ሳጥኑን ከፍቶ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዘውን ፔንዱለም በእጁ ይዞ አቁሞ፣ መልሶ ቆልፎታል። ለምን? መስኮቱን እዩ፤ መስታወቱን እዩ። ኢዞቤል፣ ቤት ውስጥ ሰው ሲሞት ምን ታደርጋላችሁ?»

«መስኮት እንከፍታለን፣ ነፍስ እንድትወጣ» አለች ቀስ ብላ። «መስታወት እንሸፍናለን። ሰዓቱን… ነፍሱ በወጣችበት ደቂቃ እናቆማለን።»

«አጉል እምነት» አለ ሜጀሩ።

«ይሁን። ግን እርስዎም ቄሱም የማታውቁት አጉል እምነት ነው፤ ስለዚህ ያደረገው የዚህ መንደር ሰው ነው። አሁን ማኪ፣ ስማ። ወይዘሮ ጌዲስ ታየች የምትለው በአሥር ሰዓት ነው። ሰውየው የሞተው ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ላይ ነው፤ ያኔ እሷ በአሥራ ሁለት ሴቶች መሐል ነበረች፤ ጠይቄያቸዋለሁ፤ ተሰድቤያለሁም። የሳጥኑም ቁልፍ የላትም። ቁልፍ ያላቸው ሁለት ናቸው። ቄሱን አርባ ሕፃናት አይተውታል።»

ማንም ወደ ኤቤን አልዞረም።

«ኤቤን ሬሳውን አግኝቶ፣ እንደ ወጉ ሰዓቱን አቁሞ ቢሆንስ?» አለ ቄሱ። «ደንግጦ ሳይናገረው ቀርቶ?»

«እኔም እንዲሆን ፈልጌ ነበር» አለ ጋልብሬዝ። «ያን ጊዜ ግን ሰዓቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይቆም ነበር። ነፍሱ የወጣችበትን ደቂቃ ያወቀው ስትወጣ ያየ ብቻ ነው።» ደብተሩን አወጣ። «ማኪ ሃያ ሦስት ገጽ ቆጠረ፣ ድንጋዩ ላይ ሃያ ሦስት ስም አየ፤ ቁጥሩ ስለገጠመ ስሞቹን አላነበበም። ሁሉም ኮሚቴ እንዲህ ነው የሚሠራው። እኔ አነበብኩ። ደብተሩ ውስጥ ድንጋዩ ላይ የሌለ አንድ ልጅ አለ፦ አሌክሳንደር ጌዲስ፤ እናቱ ሳንዲ የምትለው።»

ኢዞቤል እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«መምህሩ ልጅዎን አላወጣውም፤ በገዛ እጁ ከሌሎቹ ጋር ጽፎታል። እንግዲያውስ ቁጥሩ እንዲገጥም አንድ ገጽ መጉደል አለበት። ተቀዶ ወጥቷል፤ ጠርዙ ይታያል። ድንጋዩ ላይ ኖሮ ደብተሩ ውስጥ የሌለው አንድ ብቻ ነው፤ ኒል ክሪችተን። ኤቤን፣ ገጹ ላይ ምን ተጽፎ ነበር?»

ሽማግሌው የቁልፍ ዘለላውን ከወገቡ ፈትቶ አግዳሚው ላይ አስቀመጠ።

«‹ኒል አልሞተም› ይላል» አለ። «ካናዳ ነው። ከምሽጉ ሸሽቶ፣ የሌላ ሰው ስም ይዞ… ዱጋልድ ከእሱ የመጣ ደብዳቤ አሳየኝ። ‹ደስ አይልህም ወይ፣ ልጅህ እኮ አለ!› ይለኛል። ‹ከእሑድ በፊት ግን ስሙ መፋቅ አለበት፤ ቦታው የሌሎቹ ነው› አለኝ። እኔ ጂንን ነው ያሰብኩት። የጂን መቃብር ላይ ‹በልጇ ኀዘን ሞተች› ብዬ አስጽፌያለሁ። በከንቱ ሞተች ልበል? ይቅርታ አለኝ፤ እንደ ዳማው። ገፋሁት። አንዴ ብቻ።»

«ማኪ ኢዞቤልን ሊወስዳት ሲነሣስ?»

«ዛሬ ማታ እናገራለሁ እያልኩ ነበር። ፈራሁ፣ ጌታዬ።»

«ለሕያዋን ሁሉ ዋሽተሃል» አለ ጋልብሬዝ፤ ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «ለሟቹ ግን አንዲት ደቂቃ መዋሸት አልቻልክም።»

ሜጀሩ ተነሣ። «እንግዲህ የከሃዲው ስም ይፋቃል። የጌዲስ ጉዳይ ግን ሕጉ…»

«ድንጋዩ የኮሚቴው ነው፣ ሜጀር» አለ ቄስ ላይል ድንገት፣ ጆሮው እየቀላ። «ግድግዳው ግን የቤተ ክርስቲያኑ ነው። ሳንዲ ጌዲስ የማይጻፍበት ድንጋይ እዚህ ግድግዳ ላይ አይውልም። ጠራቢውን ነገ ጠዋት አስመጣለሁ።»

ሜጀሩ ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ።

ማኪ ኤቤንን ሊያስነሣው ሲጠጋ ኢዞቤል በእጇ ከለከለችው። ከሽማግሌው አጠገብ ሄዳ ቆመች።

«ልጅህ አለ?»

«አለ።»

«ይተነፍሳል?»

ኤቤን ጥያቄው ገባው። ሳንዲን ሁለት ዓመት ጋዙ ሲያፍነው የሰማ ጎረቤት ነው። «ይተነፍሳል» አለ።

«እንግዲያውስ ጻፍለት፣ አንተ ድንጋይ! ልጅ እያለህ ለስሙ ትገድላለህ? እኔ የልጄን እስትንፋስ ባገኝ ስሙን ለውሻ እሰጥ ነበር። የት ልጻፍ ልትል ነው? አድራሻው የታለ?»

«ከገጹና ከደብዳቤው ጋር አቃጠልኩት። የከተማውን ስም እንኳ አላነበብኩም።»

«ምን ይል ነበር?»

«ለእኔ አልጻፈም፤ ለመምህሩ ነው የጻፈው። ‹አባቴ አሁንም ደወሉን ይደውላል ወይ?› ብሎ ይጠይቃል።»

ኢዞቤል ልትቆጣ ጀምራ ነበር፤ ተወችው። አግዳሚው ላይ ከጎኑ ተቀመጠች፤ ማኪ በር ላይ ሆኖ ጠበቃቸው።

እሑድ ዕለት ሰባተኛው ስም ተፍቆ፣ ጠራቢው የጻፈው የሳንዲ ስም ከሁሉም በታች፣ ገና ዱቄቱ ሳይጠረግ ታየ። ጋልብሬዝ ለኢዞቤል በጣቱ እያመለከተ ፊደሎቹን አንድ በአንድ አነበበላት። ውጭ ደወሉን የሚደውለው ማኪ ነበር፤ አልለመደውምና አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይዘገያል።