የጡት ልጅ ማር

የትናየት ባዶውን ቅል በጀርባዋ አዝላ ከእናቷ ደጅ ስትወጣ፣ ማሩን ሞልታ ስትመለስ መንገድ ላይ እንደምትደፋው ቆርጣ ነበር። የት ጋ እንደምትደፋው ብቻ አልወሰነችም። ቀጭን በር ደግሞ ገደል ያልነፈጋት መንደር ናት፤ በሬ የዋጠ ገደል አለ፣ ሙሽራ ከነበቅሎዋ የዋጠ ገደል አለ፤ አንድ ቅል ማር የሚውጥ አይጠፋም።

ከኋላዋ ኦሪት ትመጣለች፤ ቢጫ የዝናብ ካፖርት ለብሳ፣ ሠርግ እንደተጠራ ሰው እየሳቀች።

ይቺ ኦሪት በመስከረም ከባሕር ማዶ ከመጡት ወጣቶች አንዷ ናት። በጎ ፈቃደኞች ነን አሉ፤ ለትምህርት ቤቱ ግድግዳ ድንጋይ ሊሸከሙ፣ ልጆቹን ሊያስተምሩ። ደሞዝ የለንም አሉ። ያለ ደሞዝ ድንጋይ ለመሸከም ባሕር የሚሻገር ሰው ቀጭን በር አይቶ ስለማያውቅ፣ ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ ወጥቶ አያቸው። በየሰው ቤት ተደለደሉና ኦሪት ለየትናየት እናት፣ ለወይዘሮ ስንዱ ደረሰች። የመጣችው ከእስራኤል ነው፤ መልኳ ግን የእኛው ነው። አያቷ ከወንዙ ማዶ ሸክላ እየሠራች የኖረች ሴት ነበረች፤ ወገኖቿ ተነሥተው ሲሄዱ አብራ ሄደች። የልጅቱ አማርኛ ስብርብር ያለ ነው። ሳቋ ግን ሙሉ ነው፤ የትናየትን ያቃጠላትም እሱ ነው።

ኦሪት ድንጋይ ተሸክማ ዳገቱን ስትወጣ ጓደኞቿ በስልክ ፎቶ አነሷት፣ ሽማግሌዎቹ መረቋት፣ እጇ ውሃ ቋጠረ ተብሎ ቅቤ ተቀባች። የትናየት ከልጅነቷ ጀምሮ ውሃውንም እንጨቱንም ድንጋዩንም ስትሸከም የኖረች ናት፤ ዞር ብሎ ጀርባሽን አመመሽ ወይ ያላት ሰው የለም። ኦሪት የውሃውን እንስራ ሰበረች፤ ስንዱ ሳቀች። የትናየት ሰብራው ቢሆን ኖሮ እስከ ጥምቀት ስሟ በእንስራው ይነሣ ነበር። ይኼ ሁሉ ይሁን። አንድ ቀን ማታ ግን ስንዱ ሽሮውን እያማሰለች፣ ስለ አየሩ እንደሚያወራ ሰው፣ ኦሪትን የጡት ልጅ ላደርጋት ነው አለች።

የጡት ልጅ ማለት ቀልድ አይደለም። እናትየዋ አውራ ጣቷን ማር ውስጥ ነክራ ታጠባታለች፣ ሽማግሌ ቁጭ ብሎ ያያል፣ ከዚያ ወዲያ ያቺ ልጅ ከማኅፀን ከወጣችው አትለይም። ትወርሳለች፣ ታዝናለች፣ ትቀብራለች። በቀጭን በር ደግሞ ማሩን የሚያመጣው የሥጋ ልጅ ነው፤ በገዛ ጀርባው አዝሎ። እህት የሚመጣበት ልጅ ካልወደደ ማሩ አይመጣም፣ ማሩ ካልመጣም ነገሩ ይቀራል። እምቢ ማለት ትችል ነበር። ግን እምቢ ያለች ልጅ ንፉግ እየተባለች ታረጃለች፤ መንገድ ላይ የተደፋ ማር ግን የእግዜር ሥራ ነው። ይኼን ሁሉ አስባ ነው እሺ ያለችው።

ኦሪት እኔም እሄዳለሁ አለች። እንግዳ ናት፤ ማን ይከለክላታል።

ማሩ ያለው ከገደሉ ሥር፣ ወደ ዛሪማ በሚያወርደው ቆላ፣ የስንዱ ወንድም አያ አስናቀው ዘንድ ነው። የአስታውን ጫካ ገና ሳይጨርሱ ሰማዩ ጠቆረ። በጥቅምት በረዶ ማን ይጠብቃል፤ እሱ ግን ሰው ሳይጠብቀው መጣ። መጀመሪያ ሽንብራ፣ ቀጥሎ ለውዝ እያከለ ወረደ፤ የአስታውን ቅርንጫፍ መታ፣ ጆሯቸውን ቀጠቀጠ፣ መንገዱን ነጭ አድርጎ ደፈነው። የትናየት የልጅቱን ክንድ ጨብጣ እየጎተተች ከአንድ ቋጥኝ ሥር ወሸቀቻት። ኦሪት ካፖርቷን ዘርግታ ግማሹን ልታለብሳት ብትሞክር ገፋ አደረገችው። ጋቢዬ ይበቃኛል አለች፤ ጋቢው ውሃ እየጠጣ እያየች።

እዚያ ተቀምጠው ኦሪት አወራች፤ ዝም ማለት አታውቅ። አያቷ በሕይወት ሳለች ስለዚህ ገደል ትነግራት እንደነበር፣ እናቷ ግን በአማርኛ አንድ ቃል እንደማታናግራት፣ እንደምታፍርበት። ስንዱ ልጄ ብላ ስትጠራት ሰውነቷ እንደሚሞቅ። የትናየት በረዶውን እያየች ሰማች። እኔን ልጄ ብላ የጠራችኝ መቼ ነው ብላ አሰበችና ትዝ አላላትም። እሷን የምትጠራት «አንቺ» ብላ ነው።

በረዶው ሲያባራ ቁልቁለቱ እንደ ሳሙና አዳለጠ። የትናየት ተረከዟን እየቀበረች፣ የሣር ጉቶ እየጨበጠች ወረደች። ኦሪት በቂጧ ተንሸራታ ወረደች፤ ሳቀችም። አያ አስናቀው ዘንድ ሲደርሱ ጀምበር አዘቅዝቃ ነበር።

ሽማግሌው አብልቶ አሳደራቸው። በማለዳ ነጩን ማር ቅሉ አፍ ድረስ ሞላው፣ በንጹሕ ጨርቅ ከደነው፣ በረጅም ጠፍር ግራና ቀኝ አቆላልፎ አሰረው። የቅል ቂጥ ክብ ነው፤ ያለ ጠፍር አይቆምም፣ አይታዘልም።

«የምታዝይው አንቺ ነሽ። እሷ አትንካው» አለ።

«አውቃለሁ፣ አያ።»

«ማወቅሽንስ አያለሁ። ፊትሽ ምነው እንዲህ ጠቆረ?»

«በረዶው መቶኝ ነው።»

«በረዶ ፊት አያጠቁርም» አለና ጠፍሩን እንደገና ሳብ አድርጎ አጠበቀው።

ግራሮቹን አልፈው ዳገቱን ሲጀምሩ ዝንጀሮዎቹ ጠበቋቸው። ላይ ያለው የደጋው ጭላዳ ሣር ነጭቶ አዳሪ ነው፤ ሰው አይነካም። የቆላው ዝንጀሮ ግን ሌባ ነው፤ ማር ያሸታል። መንጋው ከመንገዱ ግራና ቀኝ ተበተነ፤ አውራው መሐል መንገድ ላይ ቁጢጥ ብሎ ጥርሱን አሳየ። የትናየት ድንጋይ አንሥታ ወረወረች፤ ደረቱን መታችው፤ ንቅንቅ አላለም። ሌላው ከኋላ መጥቶ ጋቢዋን ያዘ። በዱላዋ አፈሙዙን አለችው፤ ለቀቀና እንደገና መጣ። አውራው ተነሣ፣ ሮጠባት። ያኔ ኦሪት ያንን ቢጫ ካፖርት አውልቃ ከራሷ በላይ እያንገበገበች፣ በማይታወቅ ቋንቋ እየጮኸች ፊት ለፊት ገባችበት። አውራው እንዲህ ያለ ቢጫ ነገር አይቶ አያውቅ። ዘለለ፣ ገደል ገደሉን ወረደ፣ መንጋው ተከተለው።

«ማሩ ደኅና ነው?» አለች ኦሪት ካፖርቷን መልሳ እየለበሰች።

የትናየት ጠፍሩን ዳብሳ ዳገቱን ቀጠለች። ማሩን ያዳነችው ኦሪት ናት። ይኼም ቀጭን በር ሲደርስ ይወራል፤ ይኼም ይመረቅላታል። የራሷ አገር ዝንጀሮ እንኳ የፈራው እንግዳዋን ነው። ከዚያ ጀምሮ በዳገቱ ላይ ቅናቷ ከማሩ ይልቅ ከበዳት።

ከአፋፉ ሥር ጉም ወረደ። እዚያ ጋ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ የሰው ነው፣ አንዱ የዋልያ ነው፤ በጉም ውስጥ ሁለቱ አይለዩም። ቤት ውስጥ፣ ማዕድ ላይ፣ በር ላይ፣ እንግዳ ይቀድማል። ገደል ላይ ግን የአገሩ ሰው ነው የሚቀድመው፤ ይኼን የማያውቅ የቀጭን በር ልጅ የለም። የትናየት ቆመች፣ ጥግ ያዘች፣ በእጇ መንገዱን አሳየች።

«እንግዳ ይቅደም» አለች።

ኦሪት ክብር መሰላት። እጅ ነሥታ አለፈች። ጉሙ ዋጣት።

የትናየት ባለችበት ቆማ ቀረች። እንድትጠፋ አልፈለገችም፤ እንድትሳሳት ፈልጋ ነበር፤ አንድ ጊዜ እንኳ ሳቋ እንዲጠፋ። ድንጋይ ሲንከባለል ሰማች። ቀጥሎ ጩኸት፣ ቀጥሎ ዝምታ።

በዋልያው መንገድ በሆዷ እየተሳበች ደረሰች። ኦሪት ከታች፣ ሁለት ሰው ቁመት ያህል ዝቅ ብላ፣ መቀመጫ በምታህል ጠርዝ ላይ ተለጥፋለች። አንድ እጇ አንድ የሣር ጉቶ ይዟል። ከእግሯ በታች ጉም ብቻ ነው።

የትናየት ጋቢዋን ወረወረች፤ አልደረሰም። አንድ ጫፉን ከአስታ ጉቶ ጋር አስራ እንደገና ወረወረች፤ አሁንም አልደረሰም። ከጀርባዋ ያለው ጠፍር ብቻ ነው የሚያስረዝመው። ቅሉን አወረደች፣ ጠፍሩን በጥርሷ ፈታችው፣ ከጋቢው ጋር ቋጠረችው። ቅሉን በጉልበቷ ከድንጋይ ጋር ደግፋ ያዘች።

«ወገብሽ ላይ እሰሪው። ወደ ታች አትይ።»

ኦሪት አሰረች። የትናየት ሳበች። ልጅቱ ግማሽ መንገድ ወጣችና እግሯ ከዳት፤ ክብደቷ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወረደ፤ ጋቢው የታሰረበት ጉቶ ተነቀለ። ጠፍሩ የየትናየትን መዳፍ እየላጠ ሮጠ። ሁለት እግሯን ድንጋዩ ላይ ካልተከለች አብረው ሊሄዱ ነው። ጉልበቷ ደግሞ ማሩን ይዟል።

ጉልበቷን አነሣች።

ቅሉ ተንከባለለ። አንድ ጊዜ ሲመታ ተሰማ፣ እንደገና ሲመታ ተሰማ፤ ከዚያ ወዲያ አልተሰማም። የትናየት አላየችውም። እግሯን ተክላ፣ ወደ ኋላ ተጋድማ፣ እንደ በሬ ሳበች፤ ቢጫው ካፖርት ከጉሙ ወጣ፣ ክንድ ወጣ፣ ፊት ወጣ። ሁለቱም አፈር ላይ ተዘረሩ።

ኦሪት ትንፋሿ ሲመለስ አልሳቀችም።

«አንቺ መንገዱን ታውቂያለሽ። ምነው እኔን አስቀደምሽ?»

የትናየት መዳፏን አየች። «ተነሺ፣ ይመሻል» አለች። ከዚያ ወዲያ ከፊት ሄደች፤ የልጅቱን እጅ እስከ መንደሩ አለቀቀችም።

በስንዱ ቤት ሥርዓቱን የሚያየው ሽማግሌ አያ አለበልና ጎረቤቱ ተሰብስበው ነበር። የትናየት ባዶ ጀርባዋን ይዛ ስትገባ ሁሉም አየ። አንዷ ሴት ለሌላዋ አላልኩሽም ብላ በክርኗ ነካቻት።

«ማሩስ?» አለ አያ አለበል።

ኦሪት ወደፊት ወጣች። በተሰባበረው አማርኛዋ እኔ ነኝ አለች፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እኔ ነካሁት፣ ከእጄ ወደቀ አለች። ሰዉ አይዞሽ፣ አይዞሽ ይላት ጀመር። የትናየት ደሟ ፈላ። ይቺ ልጅ እናቷን ወሰደች፣ ምርቃቱን ወሰደች፣ አሁን ደግሞ ጥፋቷን ልትወስድባት ነው።

«ዝም በይ» አለች። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ከዚህ ስወጣ ልደፋው ነበር የወጣሁት። በጉም ውስጥ እሷን ያስቀደምኳት እኔ ነኝ። ስትወድቅ ጠፍሩን ፈትቼ ሳብኳት፣ ማሩ ገደል ገባ። ልደፋው ባልኩበት ሰዓት ሳይሆን፣ መያዝ በፈለግሁበት ሰዓት ገባ።»

ስንዱ ከመደቡ ተነሣች። ልትመታት መስሎት ሰው ተንቀሳቀሰ። እሷ ግን የልጇን እጅ ገልብጣ መዳፉን አየች፤ ቆዳው ተልጦ ሥጋው ይታያል።

«በአንቺ ላይ ልጅ የምጨምር መሰለሽ?» አለች። «ወንድሞችሽን አፈር በላብኝ። እኔ ስሄድ ከጎንሽ ቆማ የምታለቅስ ማን አለች? እህት ላመጣልሽ ነበር። አሁን ተይው። አንቺ ያልወደድሽው አይሆንም።»

የትናየት የፈለገችው ይኸው ነበር፤ እጇ ገባ። ጠላውን ጠጥቶ ሰው ሁሉ ወጣ። እሷ መዳፏ ቅቤ ተቀብቶ ተጠቅልሎ ተኛች፤ እንቅልፍ ግን የለም።

ሲነጋጋ ሌላ ቅል አዝላ ወጣች። ማንም አላዘዛትም። አያ አስናቀው ለምን መጣሽ አላለም፤ ለከርሞ ያስቀመጠውን ማር አወጣላት፣ መዳፏን አይቶ ራሱ አሰረላት። ቅናቷ ለቀቃት ብዬ አልዋሽም፤ ቁልቁለቱንም ዳገቱንም አብሯት ወጣ። አፋፉ ሥር፣ መንገዱ ከሚከፈልበት፣ ቅሉን አወረደችና ተቀመጠች። ጉም አልነበረም፤ ገደሉ እስከ ታች ጥርት ብሎ ይታያል። ከእሷና ከገደሉ በቀር የሚያይ የለም። ረጅም ጊዜ ተቀመጠች። ከዚያ ጠፍሩን በጥርሷ አጠበቀችና አዝላ ወጣች።

አያ አለበል ተጠራ። ስንዱ አውራ ጣቷን ማር ነክራ ኦሪትን አጠባቻት፤ የትናየት ከጎናቸው ቅሉን ይዛ ቆማ አየች። ፊቷን ልታዞር ፈልጋ ነበር፤ አላዞረችም። ኦሪት ከንፈሯ ማር እንደያዘ ቀና አለች።

«አሁን አንቺን ምን ብዬ ልጥራሽ?» አለች።

«እኔ ታላቅ ነኝ» አለች የትናየት። «እትዬ በይኝ።»

«እትዬ» አለቻት ኦሪት።

ቅናቱ የትናየትን አሁንም ትንሽ ቆጠቆጣት። «አቤት» አለች።