የናሕሮች አልቃሽ

ክረምቱ ገና ሳይወጣ፣ ሰማዩም ሳይጠራ፣ የዳሞራ መንግሥት እናት የተባለው የሳቢር ወንዝ በአንድ ጀንበር ደረቀ። ከምንጩ አናት ዘንዶ ተጠምጥሞበት፣ ጎህ በቀደደ ቁጥር ተራራው እስኪንቀጠቀጥ ያገሳ ጀመር። ንጉሥ ሐርጌ አርባ ጦረኛ ላኩ። በሕይወት የተመለሰው ጎራን የሚባል አንዱ ብቻ ነበር።

የጎራን እህት ኤልሜና ሊቅ ናት። ናሕር የተባለው ሕዝብ ካለቀ ሦስት መቶ ዓመት አልፎታል፤ እሷ ግን ልሳኑን ከድንጋይ ጽሑፍ ለቅማ፣ ተረቱን በብራና ስትጽፍ ዕድሜዋን ፈጀች። አገሬው «ከሙታን ጋር የምታወጋ» እያለ ይስቅባታል። ይሳቅ! የሰው አፍ መቼ ሥራ ፈትቶ ያውቃል? እሷን የሚያንገበግባት በዚያ ልሳን የሚያናግራት አንድ ነፍስ ማጣቷ ነበር።

ጎራን የዘንዶውን ግሳት ሲያስመስልላት ብራናው ከእጇ ወደቀ።

«ወንድሜ፣ ይህ እኮ ናሕርኛ ነው! ‹አልቃሽ አጣሁ› ነው የሚለው። በእነሱ ሕግ በልሳኑ ሙሾ ያልወረደለት መሞት አይችልም። ሄጄ ላልቅስለት።»

«ወይ ጉድ! እኛ ደግሞ በጦር መለስንለት» አለ ጎራን፤ ቀጥሎም እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ማለ። «ሰማይ ይመስክር፣ ከፊትሽ እወድቃለሁ እንጂ ከኋላሽ አልቀርም!»

ሦስት ቀን ገደል ለገደል ወጡ። ከዘንዶው ፊት ሲደርሱ ኤልሜና በናሕርኛ ተናገረች።

«እንደምን ዋሉ፣ አባቴ?»

«እንደምን ዋልሽ፣ ልጄ? ወገኖቼን ናሕሮችን ሁሉ ቀብሬ ብቻዬን ቀረሁ። ውሃውን የዘጋሁት ሰው ፍለጋ ነው። ሙሾዬን ሳልሰማ ላልነሣ ምያለሁ።»

ኤልሜና እንደ ሕፃን አለቀሰች። ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ በብራና የጻፈችውን የጨረቃን ሠርግ ተረት አነበበችለት። እሱም ሳቀ። «መጨረሻውን ማን አበላሸብሽ?» ብሎ እንደገና አወራላት። ደስታዋ ልክ አልነበረውም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ «በይ አልቅሽልኝ» አላት።

«አንድ ክረምት ብቻ ይቆዩልኝ! ያልጠየቅኩዎት ስንት አለ! ከእንግዲህ ማንን ላናግር?»

ጎራን ንግግሩ ባይገባውም ፊቷን አይቶ ገባው። ባዶ ቅሉን አሳያት። «እህቴ፣ ልጄን ትቻት ስመጣ ምላሷ ደርቆ ነበር።»

ኤልሜና ተነሣች፤ ደረቷን እየመታች በናሕርኛ ሙሾ አወረደች፦

«አገር ሙሉ ወገን ቀብሮ የጨረሰ፣
ዛሬ ለእርሱ ደግሞ አንድ ሰው አለቀሰ።»

«ተባረኪ» አለ ዘንዶው፤ ዓይኑንም ከደነ። አካሉ አሸዋ ሆኖ ፈረሰ፤ ውሃውም እየፎከረ ወደ አገሩ ወረደ።

ዳሞራ በእልልታ ተናወጠች። የጎራን ልጅ ጠጥታ ዳነች፤ ንጉሡም ኤልሜናን ካባ አለበሷት። እሷ ግን ቤቷ ገብታ ዘንዶው ያወራላትን ተረት መጻፍ ያዘች። ሙሽራዋ መንገድ ከጀመረችበት ክፍል ስትደርስ አንድ ነገር ግራ ገባት። «ቆይ፣ አባቴን ልጠይቃቸው» ብላ ብዕሯን አስቀመጠች፤ ጫማዋን አጠለቀች፤ በሩን ከፍታ ወደ ተራራው ጥቂት ከሄደች በኋላ ትዝ አላት።