የሚዜዋ ገመድ

«ደወል መደወል የሚችል ማነው?»

የፊልሟ አዘጋጅ ጌይል ጠይቃ ሳትጨርስ የታምሲን እጅ ከሁሉም ቀድሞ ወጣ። «እኔ! ከልጅነቴ ጀምሮ ነው የምደውለው!»

ብራዮኒ አፏን ከፍታ ቀረች። የልብ ጓደኛዋ ታምሲን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደወል ማማ ፎቶ ለመነሳት ካልሆነ ወጥታ አታውቅም። በየእሁዱ የምትደውለው እሷ ራሷ ብራዮኒ ናት። «እኔም» ልትል ስታስብ ግን ደወሉን ለምትደውለው ሚዜ የመጣው ሮዝ ቀሚስ ታምሲን ላይ ሆኗል።

መንደሯ ከጠዋት ጀምሮ ቀውጢ ሆናለች። እንግሊዝ አገር ኮርንዎል ጥግ ላይ ላለች ሚጢጢ መንደር ፊልም ሲመጣ ቀላል ነው እንዴ! ታሪኩ የሠርግ ሽር ጉድ ነው፤ ሳቅም ፍቅርም አለው። ገንዘብ ግን የላቸውም። ካሜራቸው አንድ፣ የሙሽራዋ ቬሎ ከአሮጌ ልብስ መሸጫ የተገዛ፣ ኬኩ ደግሞ ክሬም የተቀባ ካርቶን ነው። ቢሆንስ? ፊልም ፊልም ነው! ችግሩ፣ ከቀትር በኋላ እውነተኛ ሙሽሮች ቤተ ክርስቲያኑን ይረከባሉ።

የማማውን ደረጃ ሲወጡ ብራዮኒ የታምሲንን ክንድ ያዝ አደረገች። «አብደሻል እንዴ?»

«በናትሽ ብሪ፣ እንዳታጋልጪኝ። መጎተት ነው አይደል?»

«መጎተት ብቻ? ደወሉ እኮ አፉን ወደ ላይ አድርጎ ነው የቆመው። ስትጎትቺው ሙሉ ዙር ይዞራል። ገመዱን በጊዜው ካልለቀቅሽ ወደ ጣሪያ ይዞሽ ነው የሚሄደው! ደዋዩ ሚስተር ፓስኮ እግሩን የሰበረው በምን ሆነና?»

«አታካብጂ ባክሽ!»

ምን ታድርግ? ብትናገር ቀናች ትባላለች። ደግሞም ቀንታለች፤ ምን ያስዋሻል።

«ካሜራ!» ተባለ። ታምሲን ፈገግ ብላ የገመዱን ጫፍ ጡጫዋ ላይ ጠመጠመችው። የብራዮኒ ልብ ቀጥ አለ። ገመድ እጅ ላይ አይጠመጠምም! ደወሉ ከዞረ እጇን ይዞት ይሄዳል።

«አቁሙ!» ብላ ጮኸች።

ጌይል በንዴት ዞረች። «ማናት ያቋረጠችው? የቀረን ግማሽ ሰዓት ነው!»

ታምሲን በዓይኗ ለመነቻት።

«እኔ ነኝ» አለች ብራዮኒ። «ደውላ አታውቅም። ትጎዳለች።»

የታምሲን ፊት ቲማቲም መሰለ። ጌይል በረጅሙ ተነፈሰች። «አንቺስ ትችያለሽ?»

«አዎ።»

«በይ ቀሚሱን ልበሺው፤ ቶሎ!»

«ይኸው፣ ደስ ይበልሽ!» አለች ታምሲን፣ ዚፑን መክፈት ጀምራ። «የፈለግሽው ይህንን አይደል?»

ፈልጋዋለች እንጂ! የክፍሏ ልጆች በሙሉ ፊልሙን ሲያዩ፣ «ያቻትና!» ሲሏት ታያት። እጇን ዘረጋች። ከዚያም የታምሲንን ዚፕ መልሳ ወደ ላይ ሳበችው።

«ቀሚሱ እሷ ላይ ይሁን» አለች። «ጀማሪ ስናለማምድ ለሁለት ነው የምንይዘው። አብሬያት እጎትታለሁ።»

«በዚህ ሹራብ ግን ካሜራ ውስጥ አትገቢም» አለች ጌይል። « የሚታየው እጅሽ ብቻ ነው።»

«ይታያ።»

ታምሲን ቀና ብላ አየቻት። ገና አልበረደላትም። ብራዮኒ ገመዱን ከጡጫዋ ላይ ቀስ ብላ ፈታችው።

«ልቀቂ ስልሽ ትለቂያለሽ። ክርክር የለም።»

«እሺ» አለች ታምሲን።

ብራዮኒ ከካሜራው እይታ ውጭ ቆማ እጆቿን ከታምሲን እጆች በላይ አሳለፈችና ገመዱን ጨበጠች።

«ዝግጁ ነን» አለች።