የስምንት ከአስሩ ቅጣት

የትምህርት ቤቱ ፖሊስ ራስል ሃገርቲ፣ የጽዳት ሠራተኞች ዘጠኝ ሰዓት እስኪገቡ ማንም በማይወርድበት የምድር ቤት ደረጃ ግርጌ አንገቱ ተሰብሮ ተገኘ። አጠገቡ የቅጣት ደብተሩ ተዘርግቷል። የመጨረሻው ወረቀት እንዲህ ይላል፦ ጃናያ ቶልበርት፤ የተወለደችበት ቀን ማርች አስራ ዘጠኝ፤ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ማጨስ፤ ስምንት ሰዓት ከአስር። ከስሩ የሃገርቲ ፊርማ አለ።

ለሃርሞን ክሪክ ከተማ ፖሊሶች ይህ ከበቂ በላይ ነበር። ልጅቷ ተቀጣች፣ ተናደደች፣ ገፈተረችው፤ አለቀ። የአስራ ስድስት ዓመቷ ጃናያ በዲሲፕሊን ኃላፊው ቢሮ ጥግ ላይ ኩርምት ብላለች። ካቴናው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ ዓይኗን ከሱ መንቀል አልቻለችም።

ከክፍለ ግዛቱ የተላከችው መርማሪ ኦዴሳ ፕሩዊት ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ስምንት ከአስር ላይ የት ነበርሽ፣ የኔ ልጅ?»

«መጸዳጃ ቤት። በየቀኑ በዚያ ሰዓት ስኳሬን ልለካ እወጣለሁ። ብቻዬን ነበርኩ። እማዬን ጥሩልኝ በናታችሁ!»

«ሃገርቲን አላየሽውም?»

«ዛሬ ጭራሽ አላየሁትም!»

«ሁሉም እንደዚሁ ነው የሚሉት» አለ የዲሲፕሊን ኃላፊው ዌንዴል ክራውስ። «እኔ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ሃያ መምህር ይመሰክራል።»

«እርስዎን ማን ጠየቀዎት?»

ፕሩዊት ወደ ጸሐፊዋ ወደ ዶሎረስ ፓቭሊክ ክፍል አለፈች። ዶሎረስ በሩን ገርበብ አድርጋ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ሃገርቲ በየሰኞው አንድ ደብተር ሙሉ የቅጣት ወረቀት ባዶውን ለሚስተር ክራውስ ይፈርምለት ነበር። እሱ ደግሞ የጠላቸውን ልጆች ስም እየሞላ ችሎት ይልካቸዋል። ትናንት ግን ተጣሉ። ‹ከእንግዲህ አልፈርምም፣ ለዳኛው እናገራለሁ› ሲል ሃገርቲን ሰማሁት። እሷ ነገረችኝ እንዳይሉ፣ እፈራለሁ።»

የጃናያ እናት እንደደረሰች ፕሩዊት ሁሉንም ክራውስ ቢሮ ሰበሰበች።

«ጃናያ፣ መቼ ተወለድሽ?»

«ማርች ዘጠኝ።»

«ቅጣቱ ላይ አስራ ዘጠኝ ይላል። ሃገርቲ ፊት ለፊት ይዞ ቢቀጣት ኖሮ ይጠይቃት ነበር፤ ልደቷን ደግሞ አትስትም። የጻፈው ሰው ከዝርዝር ላይ ነው የገለበጠው።»

«ስህተቱ የትምህርት ቤቱ ነው» አለች እናትየው። «ባለፈው ሳምንት መጥቼ አሳርሜዋለሁ።»

«እኔው ነኝ ኮምፒውተሩ ላይ ያስተካከልኩት» አለች ዶሎረስ።

ፕሩዊት የክራውስን ጠረጴዛ መስታወት በጣቷ መታ መታ አደረገች። ከስሩ በዓመቱ መጀመሪያ የታተመ የተማሪዎች ዝርዝር አለ፤ ማርች አስራ ዘጠኝ።

«ያልታረመው ይሄ ብቻ ነው። ፊርማው ሰኞ ባዶው ወረቀት ላይ የተፈረመ ስለሆነ ሃገርቲ ስምንት ሰዓት ላይ በሕይወት ለመኖሩ ማስረጃ አይሆንም። ከስብሰባዎ በፊት፣ በምሳ ሰዓት ሞቷል። እርስዎ ገና ያልደረሰ ሰዓት ጽፈው፣ ደብተሩን አጠገቡ ትተው፣ ወደ ስብሰባዎ ሄዱ። ጃናያ በዚያ ሰዓት ብቻዋን እንደምትወጣ ያውቃሉ፤ የፈቀዱላት እርስዎ ነዎት።»

ክራውስ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ልገድለው አላሰብኩም! ደብተሩን ሊወስድብኝ ሲል ገፋሁት…»

«ልጄ ምን አደረገችህ?» ጮኸች እናትየው።

«እሷን ማን ያምናታል ብዬ ነዋ።»

ካቴናው ክራውስ እጅ ላይ ገባ፤ ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ።

«አለቀ፣ የኔ ልጅ። ወደ ቤትሽ» አለች ፕሩዊት።

ጃናያ የእናቷን እጅ እንደያዘች በሩ ድረስ ሄዳ ቆመች። ባዶው ኮሪደር ፊቷ ተዘርግቷል።

«ምነው?» አለች እናቷ።

«የመውጫ ፈቃድ የለኝም» አለች ጃናያ። «ያለ እሱ ኮሪደር ላይ ከተገኘሁ ይቀጡኛል።»